«ሲስተሙ ነው» ብቻውን መልስ አይሆንም፦ ተቋማት ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጠቀማቸውን እንዴት ሊነግሩን ይገባል?

በባሕር ዳር ባንክ፣ ቀበሌ ወይም ሆስፒታል ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ «ሲስተሙ ነው» የሚለውን መልስ ሰምቶታል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይህ መልስ የሚያመለክተው ኔትወርክ መቋረጡን ወይም መዝገቡ ኮምፒውተሩ ላይ አለመገኘቱን ነበር፤ ባለጉዳዩም ተናዶም ቢሆን ነገ ተመልሶ ይመጣል እንጂ ከመልሱ ጀርባ ምን እንዳለ አይጠይቅም። አሁን ግን «ሲስተም» በሚባለው ውስጥ አዲስ ነገር እየገባ ነው። መረጃ ከማስቀመጥና ከመፈለግ አልፎ የሚገምት፣ የሚመድብ፣ የሚጽፍና ጥያቄ የሚመልስ ሶፍትዌር፣ ማለትም ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ)፣ በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ ውስጥ ቦታ እየያዘ ነው። የተቋረጠ ኔትወርክ ነገ ይመለሳል፤ የተሳሳተ ግምት ግን ነገ ተመልሶ በመምጣት አይስተካከልም። በዚህም ምክንያት አንድ ተቋም ይህን መሣሪያ ሥራ ላይ ሲያውል ለተገልጋዩ ምን፣ መቼና በምን ቋንቋ መናገር አለበት የሚለው ጥያቄ የቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ብዙ ተቋማት ጥያቄውን «ኤአይ እንጠቀማለን» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ድረ ገጻቸው ላይ በማስቀመጥ ሊገላገሉት ይሞክራሉ። ይህ ግልጽነት አይደለም። ግልጽነቱ የሚለካው ውሳኔው ባልተመቸው ሰው በኩል ነው፤ ያ ሰው ማሽኑ የሥራውን የትኛውን ክፍል እንደሠራ፣ ለውጤቱ የሚጠየቀው ማን እንደሆነና ቅሬታውን የት እንደሚያቀርብ ካላወቀ፣ የቀረው ሁሉ ቢነገር የተነገረው ነገር ለእርሱ አልደረሰም።

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚለው ስም እጅግ የተለያዩ መሣሪያዎችን በአንድነት ስለሚጠራ፣ አንድ ተቋም «እንጠቀማለን» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ከስሙ ብቻ መረዳት አይቻልም። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ ጽሑፍ የሚያመነጩ፣ የሚተረጉሙና ጥያቄ የሚመልሱ ሞዴሎች አሉ። ካለፈ መረጃ ተነሥተው ስለ አንድ ሰው የወደፊት ሁኔታ የሚገምቱም አሉ፤ ይህ ሰው ብድሩን ይመልሳል ወይ፣ ይህች አመልካች ለሥራው ትመጥናለች ወይ ለሚሉ ጥያቄዎች ነጥብ ይሰጣሉ። ሌሎች ደግሞ ምስልና ድምፅ ይለያሉ፤ የደረት ራጅ ያነባሉ፣ የሰው ፊት ያመሳክራሉ፣ ከሳተላይት ፎቶ ላይ አረም ይለያሉ። የመጀመሪያዎቹ ሲሳሳቱ የተሳሳተ ጽሑፍ ይወጣል፤ አንባቢም ስህተቱን የማየት ዕድል አለው። የሚገምቱት ሲሳሳቱ ግን አንድ ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ በር ይዘጋበታል። ሕዝቡ ስለ ቻትቦት፣ ማለትም በጽሑፍ ጥያቄ ስለሚመልሰው ማሽን፣ ብዙ ሲያወራ፣ ዝርዝር ማብራሪያ የሚያስፈልገው ግን እምብዛም የማይወራለት የሚገምተው መሣሪያ ይመስለኛል።

ብድር የተከለከለች ነጋዴ

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በጣና ዳር ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ አንዲት እናት ለማቀዝቀዣ መግዣ የሚሆን ያለ መያዣ የሚሰጥ ብድር በስልኳ ጠየቀች እንበል። የስልክ ብድር ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ከጀመረ በኋላ በ2014 ዓ.ም. ከዳሽን ባንክ ጋር በመሆን ብድርና ቁጠባ የጨመረበት ሲሆን፣ ሌሎች ባንኮችም የየራሳቸው አገልግሎት አላቸው። የምናየው ምሳሌ ግን የየትኛውም ስም ያለው ተቋም አይደለም፤ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ብድር በአብዛኛው እንዴት እንደሚመዘን የሚያሳይ ነው።

ሞዴሉ የሚሠለጥነው ከዚህ በፊት በተበደሩ ሰዎች መዝገብ ነው። በወቅቱ የከፈሉት ሰዎች ሂሳብ ምን ይመስል እንደነበር፣ ያልከፈሉት ሰዎች ሂሳብስ በምን ይለይ እንደነበር ከመዝገቡ ይማራል፤ ከዚያም የአዲሷን አመልካች የገንዘብ እንቅስቃሴ ከተማረው ጋር አስተያይቶ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ከተወሰነ ወለል በታች ከሆነ ማመልከቻው በሰከንዶች ውስጥ ውድቅ ይደረጋል። የእኛ ነጋዴ ገቢ ከጾም ወደ ፍስክ፣ ጎብኚ ከሚመጣበት ወራት ወደማይመጣበት ወራት ከፍና ዝቅ የሚል ነው። ደንበኞቿ በአብዛኛው በጥሬ ገንዘብ ይከፍሏታል። ስልኳም ቀድሞ በልጇ ስም የወጣ ሊሆን ይችላል። ማሽኑ የሚያየው ጥቂትና የተቆራረጠ እንቅስቃሴ ነው፤ ዕቁቧን አንድም ጊዜ አስተጓጉላ እንደማታውቅ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በቃሏ እንደሚያምናት የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

መልሱ በስልኳ ይመጣል፦ «ይቅርታ፣ ለጊዜው ብድር ማግኘት አይችሉም።» ቅርንጫፍ ድረስ ብትሄድ ወጣቱ ሠራተኛ በትሕትና «እናቴ፣ ሲስተሙ ነው፤ እኛ ምንም ማድረግ አንችልም» ይላታል። ሠራተኛው እየዋሸ አይደለም። እርሱም ምክንያቱ አልተነገረውም፤ ውሳኔውን የመቀየር ሥልጣንም አልተሰጠውም። ተቋማት ስለ ግልጽነት ሲያስቡ በመጀመሪያ የሚዘነጉት ይህንን ሠራተኛ ነው። ለደንበኛው የሚነገረው ሁሉ የሚያልፈው በእርሱ አፍ በኩል ስለሆነ፣ ለውስጥ ሠራተኛ ያልተብራራ መሣሪያ ለውጭ ሰው ሊብራራ አይችልም።

ብዙውን ጊዜ የምናነበው ማስታወቂያ «ተቋማችን ዘመኑ ባፈራቸው የቴክኖሎጂ ውጤቶች በመታገዝ ቀልጣፋና ዘመናዊ አገልግሎት ይሰጣል» የሚል ነው። ከዚህ ዓረፍተ ነገር አንድም መረጃ አይገኝም። ተመሳሳዩ ተቋም እንዲህ ብሎ ቢጽፍስ? «የብድር ጥያቄዎን በመጀመሪያ የሚመዝነው ኮምፒውተር ነው። የሚያየው ያለፉትን ስድስት ወራት የሂሳብ እንቅስቃሴዎንና ቀደም ሲል የወሰዱትን ብድር አመላለስ ነው። በጥሬ ገንዘብ የሚሠሩትን ሥራና ዕቁብዎን አያይም። ጥያቄዎ ውድቅ ከተደረገ ዋናው ምክንያት በጽሑፍ ይነገርዎታል። ሰው እንዲያየው ከፈለጉ በ30 ቀናት ውስጥ በማንኛውም ቅርንጫፍ ያመልክቱ፤ የብድር ኃላፊው መዝገብዎን መርምሮ ውሳኔውን የመለወጥ ሥልጣን አለው።»

የሁለተኛው ማስታወቂያ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ተቋሙን ያስራል። መሣሪያው ምን እንደሚያይ ብቻ ሳይሆን ምን እንደማያይም ይናገራል፤ ለተበዳሪዋ ከሁሉ የሚጠቅማት ይህ ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም ሽያጯን በስልክ መቀበል ብትጀምር ነገሩ ሊለወጥ እንደሚችል ይጠቁማታል። ለመጻፍ ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። ተቋሙ እንዲህ ብሎ ለመጻፍ አስቀድሞ የሥራ ሂደቱን ማስተካከል፣ ለኃላፊው ጊዜና ሥልጣን መስጠት፣ የማሽኑን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ማቅረብ ይኖርበታል። እነዚህ ሳይሟሉ «በሰው የሚታይ ይግባኝ አለ» ማለት፣ ሰውየው የማሽኑን ውሳኔ አይቶ ከመፈረም በቀር ምንም የማይሠራበት ሥርዓት ይሆናል።

መመዘኛውን መናገር ለአጭበርባሪዎች መንገድ ማሳየት ነው የሚል መከራከሪያ ከተቋማት ይሰማል። መከራከሪያው ማጭበርበርን ለሚቆጣጠሩ መሣሪያዎች እውነትነት አለው፤ የትኛው ዝውውር ጥርጣሬ እንደሚያስነሣ በዝርዝር ማውጣት አይጠበቅም። ለብድር ግን የእያንዳንዱን መስፈርት ክብደት በቁጥር ሳይገልጹ የሚታየውን የመረጃ ዓይነትና የተከለከሉበትን ዋና ምክንያት መናገር ይቻላል።

ሕጉ የት ላይ ነው?

በአገራችን ለዚህ ጉዳይ ቅርቡ ሕግ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። አዋጁ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብቻ የወጣ አይደለም፤ ማንኛውም የሰዎችን የግል መረጃ የሚሰበስብና የሚጠቀም አካል ለምን ዓላማ እንደሚሰበስብ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ፣ ባለመረጃው ስለ እርሱ የተያዘውን እንዲያይና ስህተት ካለበት እንዲያስተካክል መብት የሚሰጥ ነው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በሌላ በኩል በ2012 ዓ.ም. በማዕከልነት የተቋቋመው የአሁኑ የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት አለ፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤትም በሰኔ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፖሊሲ አጽድቋል። ፖሊሲ አቅጣጫ ያሳያል እንጂ አንድን ባንክ ለአንዲት ነጋዴ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ በቀጥታ አያስገድድም፤ ለባለጉዳዩ ቶሎ የሚደርስለት የዳታ አዋጁ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2024 በጸናውና በየደረጃው ተግባራዊ በሚሆነው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕጉ የበለጠ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። የሕጉ አንቀጽ 50 ሰዎች የሚነጋገሩት ከማሽን ጋር መሆኑ ከሁኔታው ግልጽ ካልሆነ እንዲነገራቸው፣ እውነተኛ የሚመስል ሐሰተኛ ምስል፣ ድምፅ ወይም ቪዲዮ ያሰራጨ አካል ሰው ሠራሽ መሆኑን እንዲገልጽ ያዛል። በሕዝብ ጉዳይ ላይ መረጃ ለመስጠት የሚወጣ በማሽን የተጻፈ ጽሑፍም እንዲሁ መገለጽ አለበት፤ ሰው መርምሮት የአርታኢነት ኃላፊነቱን የወሰደለት ጽሑፍ ሲሆን ግን ግዴታው ይነሣል። ይህ የመጨረሻ ልዩነት አስተዋይነት አለው፤ ሕጉ ከመሣሪያው ይልቅ ለጽሑፉ የሚጠየቅ ሰው መኖሩን ይመለከታል።

ዝምታ ያስከፈለው ዋጋ

ያለ ማብራሪያ የሚሠራ ማሽን የሚያደርሰውን ጉዳት ለማየት ኔዘርላንድስ በቂ ምሳሌ ናት። የአገሪቱ የግብር መሥሪያ ቤት ለሕፃናት መዋያ የሚሰጠውን ድጎማ ሲቆጣጠር የማጭበርበር ሥጋት አለባቸው የሚላቸውን አመልካቾች የሚለይ ሞዴል ይጠቀም ነበር፤ ሞዴሉ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ አመልካቹ የኔዘርላንድስ ዜግነት ያለው መሆን አለመሆኑ ነበር። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች በሐሰት አጭበርባሪ ተብለው፣ የወሰዱትን ገንዘብ ሁሉ እንዲመልሱ ተጠይቀው ዕዳ ውስጥ ገቡ። ምክንያቱን ሲጠይቁ ለአንዳንዶቹ የተሰጣቸው መዝገብ አብዛኛው ገጹ በጥቁር ቀለም የተሸፈነ ነበር። ጉዳዩ እየሰፋ ሄዶ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 መንግሥቱ ሥልጣን እስከ መልቀቅ ደረሰ።

በእርግጥ ጥፋቱ የአልጎሪዝሙ፣ ማለትም የማሽኑ የስሌት ሕግ፣ ብቻ አልነበረም፤ ሕጉ ጨካኝ ነበር፣ ሠራተኞቹም አልሰሙም። ሆኖም ወላጆቹ ማሽን በምን እንደመዘናቸው ገና በመጀመሪያው ደብዳቤ ቢነገራቸው ኖሮ፣ ጠበቆችና ጋዜጠኞች ዓመታት የፈጀባቸውን ጥያቄ በወራት ውስጥ ማንሣት ይችሉ ነበር። የኔዘርላንድስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚጠቀሙባቸው አልጎሪዝሞች የሚመዘገቡበትን ለሕዝብ ክፍት የሆነ መዝገብ ከፍቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020፣ አምስተርዳምና ሄልሲንኪ የከተማ አስተዳደራቸው የሚጠቀምባቸውን መሣሪያዎች በስም እየዘረዘሩ፣ ምን እንደሚሠሩና የትኛው ክፍል ኃላፊ እንደሆነ የሚገልጽ መዝገብ ለነዋሪዎቻቸው አውጥተው ነበር። ባሕር ዳር እንዲህ ያለ መዝገብ ቢኖራት ለጊዜው ምናልባት ከአንድ ገጽ አይበልጥም። መዝገብ ለመጀመር የሚሻለው ጊዜ ግን ዝርዝሩ አንድ ገጽ ሳለ ነው።

«ሲስተሙ ነው» የሚለው መከራከሪያም ፍርድ ፊት ቀርቦ ያውቃል። አንድ የኤር ካናዳ መንገደኛ ቤተሰብ ሲሞት ስለሚደረግ የዋጋ ቅናሽ የአየር መንገዱን ቻትቦት ጠየቀ፤ ቻትቦቱም ትኬቱን ቆርጦ ቅናሹን በኋላ መጠየቅ እንደሚችል መለሰለት። የአየር መንገዱ ደንብ ግን ይህን አይፈቅድም ነበር። ጉዳዩ ሲቀርብ አየር መንገዱ ቻትቦቱ ለራሱ ድርጊት የሚጠየቅ የተለየ አካል ነው እስከማለት ደረሰ። የካናዳዋ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት የፍትሐ ብሔር ዳኝነት አካል እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 መከራከሪያውን ውድቅ አድርጎ፣ ድርጅቱ በድረ ገጹ ላይ ለሚነገረው ሁሉ ኃላፊ እንደሆነ በመግለጽ ከ800 የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ወሰነ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ የተጣለው መከራከሪያ ግን ትንሽ አልነበረም።

መገናኛ ብዙኃንና ዩኒቨርሲቲ

በቴክኖሎጂ ዘገባዎቹ የሚታወቀው ሲኔት የተባለው የአሜሪካ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ስለ ገንዘብ አያያዝ የሚያስረዱ 77 ጽሑፎችን በማሽን አጽፎ የባልደረባ ጽሑፍ በሚያስመስል ስም አወጣ። ነገሩ በሌሎች ከተጋለጠ በኋላ ተቋሙ ራሱ ባደረገው ምርመራ በ41ዱ ላይ እርማት አስፈለገ። አንባቢውን ይበልጥ ያስቆጣው ግን ማሽን መጠቀሙ አልነበረም፤ ሌላ ሰው እስኪያጋልጠው ድረስ መቆየቱ ነበር።

ባሕር ዳር የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን መቀመጫና የበኩር ጋዜጣ መውጫ ናት፤ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአዊኛና በኽምጠኛም የሚሰራጭባት ከተማ ናት። እንዲህ ያለ የዜና ክፍል ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ ለመቀየር፣ ለመተርጎም ወይም ርእስ ለማማረጥ ማሽን ሊጠቀም ቢያስብ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። የፊደል ስህተት ማረሚያ በተጠቀሙ ቁጥር መለያ መለጠፍም ከንቱ ነው፤ ሁሉም ጽሑፍ መለያ ካለው አንባቢው መለያውን ማየት ያቆማል፣ እውነተኛው ማስጠንቀቂያም አብሮ ይጠፋል። ለእኔ መስመሩ የሚሰመረው አንባቢው «ይህን ያየው ወይም የተናገረው ሰው ነው» ብሎ በሚያምንበት ቦታ ላይ ነው። ያልተነሣ ፎቶ፣ ያልተናገረ ድምፅና ያልተገኘ ዘጋቢ ካለ፣ በምስሉ ላይ በሚነበብ መጠን፣ በአማርኛ፣ መነገር አለበት። ትርጉም በማሽን ተሠርቶ ቋንቋውን የሚያውቅ አርታኢ ካላየውም እንዲሁ። በተለይ ብዙ ጽሑፍ ወደ ኮምፒውተር ባልገባባቸው ቋንቋዎች ማሽኑ ስህተቱን እንኳ በድፍረትና በተስተካከለ አነጋገር ያቀርበዋልና፤ የኢትዮጵያንና የአውሮፓን ዘመን አቆጣጠር አምታትቶ ዓመተ ምሕረት ቢሳሳት አረፍተ ነገሩ ያው ለስላሳ ሆኖ ይነበባል።

በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው ክርክር ተማሪው ማሽን መጠቀሙን ይናገር አይናገር በሚለው ላይ አተኩሯል። ተቋሙ ራሱ ስለሚጠቀመው ማሽን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት፣ ጽሑፍ በማሽን መጻፉን እንለያለን የሚሉ ሰባት መሣሪያዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ራሳቸው የጻፏቸውን የፈተና ድርሰቶች በአማካይ ከግማሽ በላይ «የማሽን ናቸው» ብለው በስህተት እንደፈረጁ አሳይተዋል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፍ በአብዛኛው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚጠቀም የትምህርት ክፍል የመሣሪያውን ስም፣ ውጤቱ ብቻውን ማስረጃ ሆኖ መቆጠር አለመቆጠሩንና ተማሪው የሚከራከርበትን ሥርዓት ከምዝገባው ጀምሮ ማሳወቅ ይገባዋል።

አማካይ የሚደብቀው

ግልጽ የሚመስል ነገር ግን የሚያሳስት ማስታወቂያም አለ። «መሣሪያችን 95 በመቶ ትክክል ነው» የሚል ተቋም ለማን ትክክል እንደሆነ አልተናገረም። ጆይ ቡኦላምዊኒና በአዲስ አበባ የተወለደችው የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ከፊት ምስል ጾታ የሚለዩ የንግድ መሣሪያዎች ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ከፍተኛ ስህተታቸው 0.8 በመቶ ሲሆን፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ እንደሚደርስ አሳይተዋል። ትምኒት ከሌሎች ባልደረቦቿ ጋር በዚያው ዓመት ያቀረበችው ሐሳብም ለዚህ መድኃኒት የሚሆን ነው፤ እያንዳንዱ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ባሕርዩን የሚገልጽ ወረቀት ይዞ እንደሚሸጥ ሁሉ፣ ማሽን የሚሠለጥንበት መረጃም ከየት እንደተሰበሰበ፣ ማንን እንደያዘና ማንን እንዳልያዘ የሚገልጽ ሰነድ ይኑረው የሚል ነበር። አንድ የአገራችን ተቋም በአማርኛ ድምፅ የሚታዘዝ አገልግሎት ከውጭ ሲገዛ ሻጩን ይህን ሰነድ መጠየቅ ይችላል፤ የጎጃም ገበሬ አነጋገር ውስጡ አለ ወይስ የስቱዲዮ አንባቢ ድምፅ ብቻ ነው?

ሆስፒታልንም እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የሳንባ ነቀርሳ ልየታ የደረት ራጅን በሰው ምትክ የሚያነብ ሶፍትዌር መጠቀም እንደሚቻል ምክረ ሐሳብ አውጥቷል። ከዘጌ ወይም ከደቅ ደሴት በጀልባ ተሻግሮ የመጣ ታካሚ ስለዚህ የሚያነበው ወረቀት አይጠቅመውም፤ የሚጠቅመው ባለሙያው «ፎቶውን መጀመሪያ ኮምፒውተር ያየዋል፤ የሚጠረጥረው ነገር ካለ አክታ እንመረምራለን፤ በሽታው አለ የለም የሚለውን የሚነግርዎት ግን ሐኪሙ ነው» ብሎ በቃል ቢያስረዳው ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሰውን በቀጥታ የማይመዝን መሣሪያም ገደቡ ሊነገር ይገባል። በጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የታየውን የእምቦጭ አረም ስርጭት ለመከታተል ተመራማሪዎች የአውሮፓን ሴንቲነል ሁለት ሳተላይት ምስሎችና የማሽን ትምህርት (ኮምፒውተር ከምሳሌዎች እንዲማር የሚያደርግ ዘዴ) ተጠቅመዋል። ጠቃሚ ሥራ ነው። ነገር ግን የሳተላይቱ ምስል አንዲት ነጥብ በምድር ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ትሸፍናለች፣ ከዚያ ያነሰ የአረም ክምችት ሊያመልጣት ይችላል፤ ሰማዩ በደመና በተሸፈነበት ክረምት ደግሞ ሳተላይቱ ሐይቁን አያይም። አረም ለማስወገድ ሰውና ማሽን የት እንደሚሠማራ በእንዲህ ያለ ካርታ የሚወስን መሥሪያ ቤት የካርታውን ቀንና ያልታየውን ቦታ አብሮ ማውጣት አለበት። አለበለዚያ በደመና የተጋረደው የፎገራ ወይም የደንቢያ ዳርቻ በካርታው ላይ ንጹሕ ውኃ መስሎ ይታያል፤ አረሙን በዓይኑ የሚያየው ገበሬም «ካርታው ላይ የለም» ይባላል።

መናገር ያስጎዳል ወይ?

ተቋማት ዝም የሚሉበት አንድ እውነተኛ ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመና 13 ሙከራዎችን የያዘ ጥናት፣ ሥራቸውን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ታግዘው መሥራታቸውን የተናገሩ ሰዎች ካልተናገሩት ይልቅ አመኔታ እንደሚያጡ አሳይቷል። ይሁንና ተደብቆ ቆይቶ በሌላ ሰው የተጋለጠ ከሁሉም የባሰ ያጣል። ስለዚህ ለተቋሙ የቀረበለት ምርጫ በትንሽ ኪሳራና በትልቅ ኪሳራ መካከል ነው እንጂ በኪሳራና በትርፍ መካከል አይደለም፤ ይህን «ግልጽነት መተማመንን ይገነባል» በሚል ጣፋጭ መፈክር መሸፈን አያስፈልግም።

የተገላቢጦሹ ፈተናም አለ፤ ያልተጠቀሙበትን ተጠቀምን ማለት። የአሜሪካ የዋስትና ሰነዶች ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ዴልፊያና ግሎባል ፕሪዲክሽንስ የተባሉ ሁለት የኢንቨስትመንት አማካሪ ድርጅቶች ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አጠቃቀማቸው ሐሰተኛና አሳሳች መግለጫ ሰጥተዋል በማለት በድምሩ 400,000 ዶላር አስከፍሏቸዋል። ስለዚህ «በኤአይ የሚሠራ» የሚል ቃል በየመተግበሪያው ማስታወቂያ ላይ ስናይ ምን ይሠራል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ አንዳንዴ ከጀርባው ያለው ተራ ቀመር ወይም መረጃ የሚያስገባ ሰው ሆኖ ይገኛል።

የሚነገርበት መንገድም ከሚነገረው እኩል ይመዝናል። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ፣ በድረ ገጽ ብቻ የሚገኝ ማንኛውም ማስታወቂያ ለአብዛኛው ሰው የለም ማለት ነበር። በመስኮቱ አጠገብ በትልቅ ፊደል የተለጠፈ ወረቀት፣ በሬዲዮ የሚነገር መልእክት፣ ማንበብ ለማይችል ሰው በስልክ የሚደመጥ ቅጂ፣ ለአገው ተናጋሪ በቋንቋው የተዘጋጀ ጽሑፍ፣ እነዚህ ሁሉ ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ናቸው። በረጅም የውል ቅጽ 14ኛ ገጽ ላይ ተቀብሮ «እስማማለሁ» የሚል ሳጥን የሚያስነካ ማስታወቂያ ግን ተቋሙን ከክስ ለመከላከል የተጻፈ ነው።

ማሳወቅን ለተቋሙ በጎ ፈቃድ ብቻ መተው ምን እንደሚያስከትል ኒውዮርክ አይታዋለች። ከተማዋ ሠራተኛ ለመምረጥ አውቶማቲክ መሣሪያ የሚጠቀሙ ቀጣሪዎች በገለልተኛ አካል የአድልዎ ምርመራ አስደርገው ውጤቱን እንዲያወጡና አመልካቾችን አስቀድመው እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ አውጥታ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2023 ጀምሮ ማስፈጸም ጀመረች። ተመራማሪዎች የ391 ቀጣሪዎችን ድረ ገጽ ሲፈትሹ የምርመራ ውጤት ያወጡት 18፣ ለአመልካቾች ማስታወቂያ ያስቀመጡት 13 ብቻ ሆነው ተገኙ። ሕጉ መሣሪያው በውሳኔው ላይ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የመፍረድን ሥራ ለቀጣሪው ስለተወ፣ «የእኛ መሣሪያ በሕጉ አይሸፈንም» ብሎ ዝም ማለት ይቻላል፤ ዝም ያለው ግዴታ ስለሌለበት ይሁን ስለጣሰ ከውጭ የሚያውቅ የለም። በአገራችን መመሪያ የሚያረቅቅ ሰው ከዚህ የሚወስደው ነገር ካለ፣ «አንጠቀምም» የሚለውም መልስ በጽሑፍ እንዲሰጥ ማስገደድ ይመስለኛል።

ማስታወቂያው አንዴ ተለጥፎ የሚረሳ ወረቀት እንዳይሆንም ቀን ያስፈልገዋል። ሞዴሎች ይለወጣሉ፤ ሻጩ ከውጭ ሆኖ ሲያድሳቸው የገዛው ተቋም እንኳ ላያውቅ ይችላል፤ በወረቀቱ ላይ ስልኩ የተጻፈው ኃላፊም ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። የተጻፈበትና ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቀን፣ በሰው ስም ፈንታ የሥራ መደቡ፣ በመደቡ ላይ ማንም ቢቀመጥ የሚነሣ ስልክ ቢኖርበት ይሻላል። ባለጉዳዩ በበኩሉ በመስኮቱ ላይ ሦስት ነገር መጠየቅ ይችላል፦ ይህን የወሰነው ሰው ነው ወይስ ማሽን፣ ምኔን አይቶ ነው፣ እንደገና የሚያየው ማነው? መልሱን በጽሑፍ ይቀበል፤ ቀንና ማኅተም ያለበት ወረቀት ወደ ሚቀጥለው ኃላፊ ወይም ወደ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ሲሄድ ይዞት የሚቀርበው ማስረጃ ነው።